የራሴን ተማሪ ማትሪክ እኔው ባርመውስ? ፊንላንድ አንድ ሃይስኩል አራት ቀን ተቀምጬ ይዤው የመጣሁት ጥያቄ

ቲቸር ዘአዳማ — የካቲት 20, 2016

ሰላም ለዚህ ቤት።

አዳማ ነው የማስተምረው። ፊዚክስ፣ 11ኛና 12ኛ ክፍል። እህቴ ፊንላንድ ቫንታ የምትባል ከተማ ትኖራለች። ከሄልሲንኪ ጋር የተያያዘች ናት፣ ኤርፖርቱም እዚያው ነው። ዘንድሮ የሴሚስተሩን ዕረፍት ጠብቄ፣ ጥቂት ቀን ፈቃድ ጨምሬ ልጠይቃት ሄድኩ። ልጇ የሃይስኩል ተማሪ ናት። ገና ሳልሳፈር «ርዕሰ መምህሯን አስፈቅጂልኝ፣ ጥግ ይዤ ልይ» ብዬ ለመንኳት። በአንድ ኢሜይል ተፈቀደ። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ አራት ቀን ገባሁ።

የምጽፈው ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ። መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ስለ ፊንላንድ ሁላችንም አንድ ወሬ ሰምተናል። የቤት ሥራ የለም፣ ፈተና የለም፣ ልጆቹ ሲጫወቱ ውለው ከዓለም አንደኛ ይወጣሉ። ያየሁት እንደዛ አይደለም። የቤት ሥራ አለ። ፈተናም አለ፣ ያውም ከባድ። ክፍሉም እንዳሰብኩት አሥራ አምስት ልጅ የተቀመጠበት አልነበረም። የፊዚክሱ ክፍል 31 ተማሪ ነበረው። እኔ 68 አለኝ። ልዩነቱ ትልቅ ነው፣ ግን 31 ልጅም ቀላል አይደለም።

ሃይስኩሉን ሉኪዮ ይሉታል። ከ9ኛ ክፍል በኋላ የሚገባበት ነው፣ አብዛኛው ልጅ በሦስት ዓመት ይጨርሰዋል። እኔ የገባሁበት ትምህርት ቤት አንድ ክፍለ ጊዜ 75 ደቂቃ ነው። የዕለቱ ርዕስ ኢንዳክሽን ነበር፣ ማግኔት በሽቦ ጥቅልል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ የሚፈጥረው። እኔም ከዕረፍቱ በፊት ያስተማርኩት ነው። መምህሩ አሥር ደቂቃ ያህል አስረዳ። ከዚያ ልጆቹ ሦስት ሦስት ሆነው ጥቅልልና ማግኔት ይዘው መለካት ጀመሩ። የአንዱ ቡድን ውጤት ተገልብጦ መጣ። መምህሩ መልሱን አልነገራቸውም። ወንበር ስቦ አጠገባቸው ቁጭ አለና ምን ጠብቀው እንደነበር ጠየቃቸው። ሰባት ስምንት ደቂቃ ፈጀ። እኔ ብሆን በዚያ ጊዜ ሁለት ቀመር ጽፌ፣ አስገልብጬ፣ ወደሚቀጥለው ሄጄ ነበር።

የእኛ ላብራቶሪም ማግኔት አለው። ጥቅልልም አለው። ሳጥኑን ከከፈትነው ግን ሁለት ዓመት አልፎታል።

ተማሪዎቹ መምህሩን በስሙ ነው የሚጠሩት። ወይም «ኦፔ» ይሉታል። መምህር የሚለው ቃላቸው ሲያጥር ነው፣ ልክ እንደኛ «ቲቸር»። ይቺን ስሰማ ደስ አለኝ። ካፖርታቸውን ኮሪደር ላይ ሰቅለው ነው ክፍል የሚገቡት። ቁልፍ የለም፣ ጠባቂ የለም። ውጭው ከዜሮ በታች 12 ነበር። በዚያ ብርድ ካፖርቱ የጠፋበት ልጅ ቤቱ እንዴት ይደርሳል እያልኩ ነበር። አራቱን ቀን ግን የጠፋ ሲባል አልሰማሁም።

ምሳ ለሁሉም በነጻ ነው፣ ሃይስኩልም ቢሆን። ሐሙስ የአተር ሾርባ ቀን ነው። ድሮ ካቶሊክ በነበሩበት ዘመን ዓርብን ስለሚጾሙ፣ ሐሙስ ጠገብ ብሎ ለማደር የተጀመረ ነው ይባላል። ጾሙ ቀርቶ ሾርባው ግን አለ። ልጆቹ በልተው ሳህናቸውን ራሳቸው ያነሳሉ። ርዕሰ መምህሯም ትሪዋን ይዛ ከተማሪ ኋላ ተሰልፋ ነበር። እኔ 12ኛ ክፍል ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ዓይናቸው የሚፈዝ ልጆች አሉኝ። ቁርስ ሳይበሉ እንደመጡ አውቃለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ እነሱ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ሾርባው አልወርድ አለኝ።

ያው ሐሙስ የተመራቂዎቹ የመጨረሻ የክፍል ቀን ነበር። ፔንካሪት ይሉታል። እንግዳ እንግዳ ልብስ ለብሰው፣ በጭነት መኪና ተጭነው፣ የመኪናው ጎን ላይ መፈክር ሰቅለው እየጮኹ ከተማውን ይዞራሉ። ለታናናሾቻቸው ከረሜላ ይወረውራሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጦ ማንበብ ነው፣ መጋቢት ላይ ማትሪክ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ማትሪካቸው ከ1852 ጀምሮ ያለ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ስለ ፊንላንድ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ እንደዚያ ነው)። በዓመት ሁለቴ ይሰጣል፣ መጋቢትና መስከረም። አንዱ የትምህርት ዓይነት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። ልጆቹ ስንቃቸውን ቋጥረው ነው የሚገቡት። ከ2019 ጀምሮ ሁሉም በኮምፒውተር ሆኗል። ልጁ ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፣ ፍላሽ ይሰጡታል፣ ኮምፒውተሩ ከፍላሹ ይነሳል። የራሱ ፋይል አይከፈትለትም፣ ኢንተርኔትም የለም። የክፍል ፈተናም በዚሁ መንገድ ሲሰጥ ረቡዕ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ።

ፍላሹ ግን አይደለም ያስደነቀኝ። ጥያቄዎቹ ናቸው። ምርጫ ጥያቄ ጥቂት አለ። አብዛኛው አስረዳ፣ አስላ፣ ከግራፉ ተነስተህ አሳይ የሚል ነው። ልጁ መጻፍ አለበት።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ጽሑፍ ማን ያርመዋል? ዓርብ መምህራን ክፍል ቡና እየጠጣን የፊዚክሱን መምህር ጠየቅኩት። እኔ ነኝ አለኝ። በደንብ ያልተግባባን መስሎኝ ደግሜ ጠየቅኩት። ያው ነው መልሱ። የተማሪዎቹን አገር አቀፍ ፈተና መጀመሪያ የሚያርመው ያስተማራቸው መምህር ነው። ነጥብ ይሰጣል፣ ለምን እንደሰጠ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ ወደ ፈተና ቦርዱ ያልፍና ሁለተኛ ሰው ያርመዋል። ሴንሶር ይሉታል። እኛ ከምናውቀው ሳንሱር ጋር አይምታታ፣ የትምህርቱ ባለሙያ ነው። የሚጸናው የሁለተኛው ነጥብ ነው። ተማሪው ውጤት ሲወጣ የታረመ መልሱን ከፍቶ ያያል። ካላመነበት እንደገና ይታይልኝ ይላል። ቦርዱ ደግሞ ጥሩ መልስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት ጽፎ ለሕዝብ ያወጣል። የፈለገ ወላጅ ከቤቱ ሆኖ ያነበዋል።

«ነጥብ ብትጨምርላቸውስ?» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ሳላውቀው እጨምራለሁ አለኝ። «ልጁን ስለማውቀው ሊል የፈለገው ይገባኛል፣ ያልጻፈውን ጭምር አነብለታለሁ፤ ሴንሶሩ ግን የተጻፈውን ብቻ ነው የሚያነበው» አለ። መምህሩ ሁለቱ ነጥቦች የተራራቁበትን ጥያቄ በየጊዜው እየፈለገ ያያል። ምን በደንብ እንዳላስተማረ የሚያውቀው ከዚያ ነው።

ይሄ ነገር ነካኝ። እኔ 14 ዓመት አስተምሬያለሁ። ያስተማርኩት ልጅ 12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ምን ብሎ እንደመለሰ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። የሚደርሰኝ ቁጥር ነው። ኢንዳክሽን ላይ ይውደቅ ኦፕቲክስ ላይ፣ የሚነግረኝ የለም። ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአንድ ሺህ በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ልጅ አላሳለፉም። ያን ሁሉ ልጅ ያስተማርን ሰዎች ልጁ የቱ ጋ እንደሳተ ሳናይ መስከረም ሲጠባ ያንኑ ምዕራፍ ያንኑ አድርገን እናስተምራለን።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እዚህ አገር መምህር የተማሪውን ፈተና መጀመሪያ ቢያርም፣ ሌላ ሰው ደግሞ ከላይ ቢያየው፣ የሚሆን ነገር ነው? አገር አቀፉ ይቆየን። በአንድ ትምህርት ቤት፣ በአንድ ወረዳ እንኳ? አስቡበትና ንገሩኝ።

---

ባለጠመኔው — የካቲት 20, 2016

እንኳን በሰላም መጣህ ቲቸር። ጽሑፍህን ሁለቴ አነበብኩት። ልቤ ግን አልተቀበለውም።

እኔ የማስተምረው ገጠር ቀመስ ከተማ ነው። ለሚድ ፈተና እንኳ «ለእገሌ ልጅ ሦስት ነጥብ ጣል አድርግለት» የሚል ስልክ ይደወልልኛል። የሚደውለው ወላጅ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እንቢ ያልኩበት ዓመት ዝውውሬ ተጓተተ። ይሄ ለተራ ሚድ ነው። ማትሪክ ቢሆን ምን ሊመጣ እንደሚችል አስበው።

2008 ላይ ፈተናው ፌስቡክ ላይ ወጥቶ፣ ተሰርዞ፣ እንደገና የተሰጠውን አንርሳ። የ2014ቱን ፈተና ልጆቹ ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጭነው ሄደው እንዲፈተኑ የተደረገው እኛና ትምህርት ቤታችን ስላልታመንን ነው። አሞኛል። ግን ውሳኔው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። በድሮው መንገድ ቢሆን ያ 3 በመቶ ሌላ ቁጥር ይሆን ነበር፣ ውሸት የሆነ ቁጥር።

ፊንላንዶች መምህሩን የሚያምኑት ስለሚከፍሉትም ነው። ደሞዙ ወሩን ለማያጋምስ ሰው እንዲህ ያለ ነገር እጁ ላይ ማስቀመጥ ለእሱም ደግ አይደለም።

---

ቲቸር ዘአዳማ — የካቲት 21, 2016

ወንድሜ፣ ስልኩ ለእኔም ይደወላል። ያልከውን አንዱንም አልክድም።

ግን አንድ ነገር ልብ በልልኝ። የሚጸናው የሁለተኛው ነጥብ ነው። ሁለተኛው ሰው ማን እንደሆነ ደዋዩም አያውቅም፣ እኔም አላውቅም። ታዲያ ለእኔ መደወሉ ምን ያደርግለታል? «ከእኔ እጅ ያልፋል እንጂ በእኔ አይወሰንም» ማለት እችላለሁ። ዛሬ ሚድ ስታርም ብቻህን ነህ። ለዚህ ነው የሚደፍሩህ።

---

ሰላም ከኤስፖ — የካቲት 21, 2016

ሰላም ቲቸር። እዚህ ፊንላንድ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። የጻፍከው እውነት ነው። የአራት ቀን እንግዳ ሊያየው የማይችለውን ግን ልጨምርበት።

አንደኛ፣ ዝናው ያረጀ ነው። ፒሳ (PISA) በሚባለው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች ፈተና ፊንላንድ በሒሳብ በፈረንጅ 2006 ላይ 548 ነበራት። 2023 መጨረሻ ላይ የወጣው፣ የ2022ቱ፣ 484 ነው። ከአማካዩ አሁንም በላይ ናት፣ ግን እዚህ አገር ሰው ደንግጧል። ከስደተኛ ቤተሰብ በመጡ ልጆችና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች አንዷ ናት። ይሄ የእኛ ልጆች ጉዳይ ነው።

ሁለተኛ፣ ሉኪዮ ለሁሉም ክፍት አይደለም። 9ኛ ክፍል ሲያልቅ በውጤት ይወዳደራሉ። ማርኩ ከ4 እስከ 10 ነው፣ 4 ወድቋል ማለት ነው። ሄልሲንኪ ውስጥ ከ9 በላይ አማካይ የሚጠይቁ ሉኪዮዎች አሉ። ገሚሱ ልጅ ወደ ሙያ ትምህርት ይሄዳል። የሙያው መንገድ እዚህ እንደ አገር ቤት አይናቅም፣ ከዚያም ተነስቶ ከፍተኛ ትምህርት መግባት ይቻላል። እሱ ጥሩ ነው።

ልጄ 9ኛ ክፍል ሳለች አማካሪዋ ወደ ነርስ ረዳትነት ብትሄድ ይሻላታል አለቻት። ሥራው የእኔ ሥራ ነው፣ አከብረዋለሁ፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው። ግን ልጄ ኬሚስትሪ 9 ነበራት! ለምን እንደዛ ተባለች ብዬ ስጠይቅ፣ ፊንላንድኛን የምትማረው እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ስለሆነ ሉኪዮው ይከብዳታል አሉኝ። እዚሁ የተወለደች ልጅ። ሦስት ጊዜ ሄጄ ተከራከርኩ። ሦስተኛው ላይ ኬሚስትሪ መምህሯ ራሱ መጥቶ «ይህቺን ልጅ እኔ አውቃታለሁ፣ ትችላለች» አለ። አሁን ሉኪዮ ሁለተኛ ዓመቷ ነው።

ስለዚህ ቲቸር፣ አንተ ያየኸው መምህር የታመነበትን አገር ነው፣ ልክ ነህ። ያ እምነት ልጄን አድኗታል። ያው እምነት አማካሪዋ እጅ ላይ ሆኖ ደግሞ ሊጥላት ነበር። እዚያም ብታመጡት ሁለተኛ ዓይን ያለበት ይሁን።

የታላቁን የሉኪዮ መጻሕፍት ሁሉ ከኪሴ ገዝቻለሁ። የግዴታ ትምህርት 2021 ላይ እስከ 18 ዓመት ሲራዘም መጽሐፉም ላፕቶፑም በነጻ ሆነ፣ ታናሿ ደረሰባት። የእናት ቋንቋ ትምህርትም በሳምንት ሁለት ሰዓት ይሰጣል፣ ግን ለመጀመር አራት ልጅ መሙላት አለበት። እኛ ጋ ለአማርኛ ሦስት ላይ ቆመን ሁለት ዓመት ጠበቅን። አጠገባችሁ ልጅ ያለው ካለ አስመዝግቡ፣ እባካችሁ።

---

ጡረተኛው መምህር — የካቲት 22, 2016

ልጆቼ፣ 38 ዓመት ታሪክ አስተምሬ ነው የወጣሁት። ባለጠመኔው «ስለሚከፍሉትም ነው» ያለውን ሳነብ፣ ሀብታም ስለሆኑ ነው እንዳይባል ብዬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ፊንላንድ ከ1866 እስከ 1868 በነበረው ረሃብ ከሕዝቧ 8 በመቶ ገደማ ያለቀባት አገር ናት። የዛፍ ልጥ ከዱቄት ጋር ቀላቅለው ዳቦ ጋግረዋል። ለተማሪ ሁሉ ነጻ ምሳ የጀመሩት በ1948 ነው። 1948 ማለት ጦርነት ተሸንፈው፣ መሬት አጥተው፣ ለሶቭየት ኅብረት ካሳ እየከፈሉ ያሉበት ጊዜ ነው። ካሳውን ከፍለው የጨረሱት በ1952 ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልጆቹ ለትምህርት ቤቱ ማዕድ ቤት የጫካ እንጆሪ ይለቅሙ፣ አትክልት ይተክሉ ነበር። ከሀብት የመጣ ምሳ አይደለም።

ሌላው። ሁሉም ልጅ በአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት እንዲማር ያደረጉትን ለውጥ 1972 ላይ ሲጀምሩ ከዋና ከተማው አልጀመሩም። ከላፕላንድ፣ ከሰሜን ጫፍ፣ በረዶና አጋዘን ካለበት ጀመሩ። ሄልሲንኪ አካባቢ የደረሰው በ1977 ነው። እኛ ማንኛውንም አዲስ ነገር ከአዲስ አበባ ጀምረን ጠረፍ ሳይደርስ ሌላ አዲስ ነገር እናመጣለን። ይሄን በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንዳየሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ዋናው ግን ቅደም ተከተሉ ነው። መምህራኑን በሰባዎቹ ዩኒቨርሲቲ አስገቡ፣ ለማስተማር ማስተርስ ግድ ሆነ። ተቆጣጣሪዎቹን ያነሱት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ማስተማሩ ቀድሞ፣ እምነቱ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ቆይቶ መጣ። አዳማ ያለኸው ልጄ፣ ጥያቄህ ጥሩ ነው። መጀመሪያ ግን መምህሩ የጽሑፍ መልስ እንዴት እንደሚታረም ይማር። እኔ ራሴ የተማርኩት ማረም ከጀመርኩ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

---

የፕላዝማው ዘመን — የካቲት 22, 2016

ጋሼ እንዳሉት ነው። እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በመጣበት ሰሞን ነው፣ 1997 አካባቢ። ትምህርቱ ከሳተላይት ይመጣል። አስተማሪያችን መግቢያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበረው። መሀሉን ሁሉ ቴሌቪዥኑ ያወራል። ቴሌቪዥኑ «አሁን ሥሩ» ይልና ደቂቃ መቁጠር ይጀምራል። አንዱን ቃል ሳንሰማ ሰዓቱ ያልቃል።

የሒሳብ አስተማሪያችን በጣም ጎበዝ ሰው ነበር። ጠመኔውን ኪሱ ውስጥ ይዞ በሩ ጋ ቆሞ ከእኛ ጋር ያያል። መብራት ሲጠፋ ደስ ይለን ነበር፣ እሱ ያስተምረናላ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ፣ አሁን ግን ያ ሰው ምን ተሰምቶት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። የቲቸርን ጽሑፍ ሳነብ ፊቱ ነው የመጣብኝ።

---

ከነታንያ — የካቲት 23, 2016

ሰላም ለሁላችሁ። እስራኤል ነኝ፣ የተማርኩትም ያስተማርኩትም እዚህ ነው። የእኛ ማትሪክ ባግሩት ይባላል። መምህሩ የሚሰጠው ማርክ ከውጭው ፈተና ጋር ተደምሮ ነው የልጁ የመጨረሻ ውጤት የሚወጣው። የመምህሩን ማርክ «ማጌን» ይሉታል፣ ጋሻ ማለት ነው። ልጁ የፈተናው ቀን ቢያመው፣ ቢደነግጥ፣ ጋሻ ይሆነዋል ብለው ነው። ከኢትዮጵያ ለመጣን ልጆች ይህ ጋሻ ብዙ ጊዜ ጠቅሞናል። ቋንቋው ፈተና ላይ ሲይዘን፣ ዓመቱን ሙሉ ስንሠራ ያየን ሰው ይመሰክርልናል። ባለጠመኔው የፈራውን እኔም እፈራለሁ። ግን የመምህሩ ምስክርነት ጭራሽ የማይገባበት ፈተና ልጁን በአንድ ቀን ብቻ ይለካዋል።

---

የ2015 ተፈታኝ — የካቲት 24, 2016

ብዙ ጊዜ አንባቢ ብቻ ነኝ፣ ዛሬ ልጻፍ። ባለፈው ሐምሌ ከተፈተኑት አንዷ ነኝ። 50 በመቶ አልሞላልኝም። ሪሚዲያል ገብቻለሁ።

ቲቸር ስለ ቁጥር የጻፈው ልክ ነው። እኔም የማውቀው ቁጥር ብቻ ነው። የቱን ጥያቄ እንደሳትኩ አላውቅም። ፊዚክስ ላይ ስንት በማስላት፣ ስንት በግምት እንዳጠቆርኩ ግን አውቃለሁ፣ እውነቱን ልናገር ግማሹ ግምት ነው።

ሪሚዲያል ስገባ እንግሊዝኛ መምህራችን ስለ ራሳችን አንድ ገጽ ጻፉ አለን። እጄ አልንቀሳቀስ አለ። 12 ዓመት ተምሬ ሙሉ ገጽ ጻፊ የተባልኩት የመጀመሪያ ጊዜ ነበር። ወረቀቱ በቀይ ተሞልቶ ተመለሰልኝ። አፍሬ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው ያለቀስኩት። አንድ ሰው የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አንብቦልኛል። እባካችሁ ቲቸሮች፣ ማትሪኩን ማን እንደሚያርመው ከመወሰናችሁ በፊት እኛን አስጽፉን።

---

ኬሚስቷ — የካቲት 25, 2016

እህቴ፣ የጻፍሽው አንጀቴን በላው። በርቺ፣ ሪሚዲያሉን ታልፊዋለሽ።

ቲቸር፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤትን ሳንጠብቅ የምንችለው አለ። እኛ ዲፓርትመንት ሁለት 11ኛ ክፍል አስተማሪዎች ነን። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ፈተና ላይ ሞክረነው ነበር። ሁለት የማስረዳት ጥያቄ እናወጣለን። ስሙ የተጻፈበትን ጥግ አጥፈን በስቴፕለር እንመታዋለን፣ ቁጥር እንሰጠዋለን። መጀመሪያ የየራሳችንን እናርማለን፣ ነጥቡን በሌላ ወረቀት ላይ። ከዚያ እንለዋወጣለን። 130 ምናምን ወረቀት ሁለቴ ማረም አድካሚ ነው፣ ለዚህ ነው ሁለት ጥያቄ ብቻ ያደረግነው። ከማረማችን በፊት ግን ጥሩ መልስ ምን መያዝ እንዳለበት አብረን መጻፍ ነበረብን። እሱን መጻፍ ከማረሙ በላይ አከራከረን። ብዙ የተማርኩት ከዚያ ክርክር ነው። ሞክረው።

---

ቲቸር ዘአዳማ — መጋቢት 9, 2016

ዘግይቻለሁ፣ ይቅርታ። የዘገየሁት ስለሞከርነው ነው።

የኬሚስቷን መንገድ ወሰድን። ከሌላው የፊዚክስ አስተማሪ ጋር ሦስት የማስረዳት ጥያቄ አወጣን፣ ከ20። ርዕሱ ኢንዳክሽን። ጋሼ እንዳሉትም መጀመሪያ ሁለት ከሰዓት ቁጭ ብለን የማረሚያ መስፈርት ጻፍን። ከዚያ ስሙን ሸፍነን፣ የየራሳችንን አርመን፣ ተለዋወጥን።

ለራሴ ተማሪዎች ባልደረባዬ ከሰጠው በአማካይ ሁለት ነጥብ ተኩል ያህል ጨምሬ ተገኘሁ። ስሙን ሸፍኜ! ጽሕፈታቸውን ስለማውቀው ነው። ያ የፊንላንዱ መምህር ያለኝ ነው፣ ያልጻፉትን አንብቤላቸዋለሁ።

ትልቁ ነገር ግን ሦስተኛው ጥያቄ ነው። «ማግኔቱ ጥቅልሉ ውስጥ ገብቶ ቢቆም ምን ይሆናል?» የሚል። ከ68ቱ 41 ልጆች «ኤሌክትሪክ መፍጠሩን ይቀጥላል» ብለው ጻፉ። 41! ቀመሩን ሁሉም ያውቁታል። በምርጫ ጥያቄ ብሰጣቸው አብዛኞቹ ያገኙት ነበር። ማስታወሻዬን አውጥቼ አየሁት። መግነጢሳዊ መስኩ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል ብዬ ነው የጻፍኩላቸው፣ የመስኩ መለዋወጥ ነው አላልኩም። ስንት ዓመት እንደዛ አስተማርኩ።

ሰኞ ሳጥኑን ከፈትነው። አንዱ ጥቅልል ተበጥሷል፣ ሁለቱ ይሠራሉ። 68 ልጅ በአንዴ ስለማይሆን ለአራት ከፍዬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ በየተራ አስገባኋቸው። ማግኔቱ ሲቆም የመለኪያው ቀስት ወደ ዜሮ ሲመለስ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ አለች፣ «ቲቸር፣ ቆመ!» ብላ ጮኸች። እንደገና እንዳደርገው ለመነችኝ። እኔ አላደረግኩትም፣ ማግኔቱን ለእሷ ሰጠኋት።

---

ባለጠመኔው — መጋቢት 9, 2016

ያቺን መስፈርት ላክልኝ። እኔ ጋ ሁለተኛ የፊዚክስ አስተማሪ የለም፣ የሒሳቡን ለምኜ አብረን እናየዋለን። ስለ ማትሪኩ ሐሳቤን አልቀየርኩም። ይሄን ግን ልሞክረው።

---

ቲቸር ዘአዳማ — መጋቢት 10, 2016

በቴሌግራም ልኬልሃለሁ። የሒሳቡ ሰው ከሆነ ሁለተኛውን ጥያቄ ግራፍ ያለበትን አድርጉት፣ ይቀለዋል። ስትጨርሱ የእናንተን ወረቀቶች ሃያውን ፎቶ አንስተህ ላክልን። እኛ እዚህ ሁለተኛ አራሚ እንሆናለን፣ የእኛን ደግሞ እናንተ እዩልን።